«አእምሯችሁን ኮምፒውተር ላይ እንጭነዋለን» ሲሏችሁ እንዴት ታስባላችሁ?

አካል ሃርድዌር ነው፣ አእምሮ ሶፍትዌር ነው። ይህን ያልሰማ ሰው አሁን አሁን ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል፦ ሶፍትዌር ከሆነ ይገለበጣል፣ ሌላ ማሽን ላይ ይከፈታል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ሞትም የቴክኒክ ችግር ብቻ ይሆናል። አነጋገሩ አዲስ ነው። ሐሳቡ ግን ያረጀ ነው፤ ዛሬ በምናውቀው መልኩ እንኳ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል።

ይህ ጽሑፍ መመሪያ ነው። ማን ምን አለ ብሎ ለመዘርዘር አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ እንዴት እንደምታስቡበት ለማሳየት ነው። የፍልስፍና ትምህርት አያስፈልጋችሁም። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ትንሽ ጸጥታ፣ ከተቻለም በቀላሉ የማይስማማችሁ ጓደኛ ይበቃል። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። ሰው አካሉ ውስጥ ተሳፍሮ የሚሄድ መንገደኛ ነው ብዬ አላምንም። ይህን ጉዳይ የምር የምወስደውም ለክርክር ስለሚጥም አይደለም። ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ መሣሪያ ያስተክላሉ። ሐዘንተኞች የሞተ ዘመዳቸውን ከሚመስል ፕሮግራም ጋር ያወራሉ። እነዚህ ውሳኔዎች «እኔ ማለት ምንድን ነው» በሚለው ጥያቄ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ጥያቄውን ሳናየው ካለፍነው ደግሞ መልሱን የሚሰጠን ዕቃውን የሚሸጥልን ሰው ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ከማንበባችሁ በፊት መልሱ

ሦስት ጥያቄዎች አሉ። መልሳችሁን በወረቀት ጻፉት፤ በሐሳብ ብቻ ከሆነ በኋላ ሳይታወቃችሁ ትለውጡታላችሁ።

አንደኛው። አንድ ማሽን አለ። ገብታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ እያንዳንዱን ሴላችሁን ይመዘግብና አካላችሁን ያጠፋዋል። መረጃው ማርስ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ማሽን ደግሞ በአዲስ ቁስ ልክ እናንተን የመሰለ ሰው ይሠራል። ያ ሰው የልጅነታችሁን ነገር ያስታውሳል፣ ትናንት ያቋረጣችሁትን ወሬ ይቀጥላል። ትገባላችሁ?

ሁለተኛው። ማሽኑ ተሻሽሎ አካላችሁን ሳያጠፋ መመዝገብ ጀመረ። ማርስ ላይ አንድ «እናንተ» ወጣ፤ እዚህም እናንተ ቆማችኋል። ከዚያ ሠራተኛው መጥቶ «ማሽኑ ልባችሁን ጎድቶታል፣ የቀራችሁ ጥቂት ቀን ነው፤ ግን አይዟችሁ፣ ማርስ ላይ ትኖራላችሁ» አላችሁ። ትጽናናላችሁ?

ሦስተኛው። ነገ ከባድ ሥቃይ እንደሚደርስባችሁ ተነገራችሁ። ከሥቃዩ በፊት ግን ትዝታችሁ በሙሉ ይጠፋል፤ በምትኩ የሌላ ሰው ትዝታ ይገባላችኋል። ፍርሃታችሁ ይለቃችኋል?

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምናገኘው በእንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት የ1984 ሥራ ውስጥ ነው። ሦስተኛውን ያነሳው ሌላው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1970 ነው። አሁን መልሶቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው «ምን ችግር አለው፣ እገባለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን አይጽናናም። ግን እኮ ማርስ ላይ ያለው ሰው በሁለቱም ያው ሰው ነው! የተለወጠው እዚህ ያለው ሳይጠፋ መቅረቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ «እሱ እኔ አይደለም» ካላችሁ፣ አንደኛው ላይም እሱ እናንተ ያልነበረበት ዕድል ሰፊ ነው፤ የሚመሰክር ሰው ስላልቀረ ነው እንጂ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ፍርሃቱ ካልለቀቃችሁ፣ ትዝታ ሁሉ ከጠፋ በኋላም «የሚያመው እኔን ነው» እያላችሁ ነው፤ ማለትም እናንተ የምትሉት ሰው ከዳታ በላይ የሆነ ነገር ነው፣ ያም ነገር ከዚህ አካል ጋር የተያያዘ ነው።

ፓርፊት ራሱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሄደው። «ያ ሰው በእርግጥ እኔ ነኝ ወይ» የሚለው ጥያቄ የምናስበውን ያህል አስፈላጊ አይደለም፤ የሚያሳስበን ሊሆን የሚገባው የሐሳብና የትዝታ ቀጣይነት ነው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ግን መልሳችሁ እሱን ከመሰለ በጣም ትልቅ ፈላስፋ ከጎናችሁ አለና አትደንግጡ።

ዴካርት ያለውንና ያላለውን ለዩ

ስለ አእምሮና አካል መለያየት ሲነሳ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት ላይ ነው። በ1641 ባሳተመው ሥራው ሊጠራጠር የሚችለውን ሁሉ ተጠራጠረ። ዓለም ሕልም ሊሆን ይችላል። አካሌም ቅዠት ሊሆን ይችላል። እየተጠራጠርኩ መሆኔን ግን ልጠራጠር አልችልም። ስለዚህ እኔ የማስብ ነገር ነኝ፤ አካል ደግሞ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከእሱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሐኪምና ፈላስፋ የነበረው ኢብን ሲና ተመሳሳይ ነገር አስቦ ነበር። አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳይነካ፣ እጅና እግሩ እንኳ እርስ በርስ ሳይነካካ የተፈጠረ ሰው አስቡ አለ፤ ያ ሰው አካል እንዳለው አያውቅም፣ መኖሩን ግን ያውቃል።

ሐሳቡ ኃይለኛ ነው። ግን ክፍተት አለው። አንድን ነገር መጠራጠር መቻልና ያ ነገር የተለየ መሆን አንድ አይደሉም። አንድ ሰው ንጋት ላይ የሚያየው ኮከብ መኖሩን አይጠራጠርም፤ ማታ ስለሚታየው ግን ሊጠራጠር ይችላል። ሁለቱም ቬኑስ ናቸው። የጠፋው የሰውየው ዕውቀት እንጂ አንዱ ፕላኔት ሁለት አልሆነም። አእምሮዬን ከአካሌ ነጥዬ ማሰብ መቻሌም በራሱ መነጠላቸውን አያረጋግጥም። ይህን ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል፤ «አእምሮ ከአካል ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲኖር መገመት እችላለሁ» የሚሉ ሰዎች ልክ ይችን ደረጃ ነው የሚዘሉት።

ከሁሉም የሚሻለውን ጥያቄ ያቀረበችው ግን የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ናት። በ1643፣ ገና 24 ዓመቷ ሳለ፣ ለዴካርት ደብዳቤ ጻፈች። ጥያቄዋ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ነፍስ ቦታ የማትይዝ፣ የምታስብ ብቻ ከሆነች፣ አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች? አንድ ነገር ሌላውን ለመግፋት መንካት አለበት። የማይነካ ነገር በምን ይገፋል? ዴካርት አንጎል መሃል ያለችን አንዲት ትንሽ ዕጢ የመገናኛ ቦታ አድርጎ ነበር፤ በ1649ም ይህንኑ በሰፊው ጻፈ። ዛሬ ያቺ ዕጢ ከእንቅልፍ ሰዓት ጋር የተያያዘ ሆርሞን እንደምታመነጭ ነው የምናውቀው። ደግሞም ቦታውን ማመልከት ጥያቄውን አይመልስም። እዚያ ቦታ ላይስ በምን ይነካካሉ?

የኤልሳቤጥን ጥያቄ ከእናንተ አትለዩት። አንድ ሰው ስለ አእምሮና ስለ ማሽን ትልቅ ነገር ሲነግራችሁ «በምን በኩል?» በሉት። ምኑ ተመዘገበ፣ ምኑ ተላለፈ፣ ምኑ ቀረ?

አንድ ነገር ደግሞ ለዴካርት ፍትሕ ስል ልጨምር። በዚያው በ1641 ባሳተመው ሥራው ላይ፣ ሕመምና ረሃብ ጥማት የሚያስተምሩኝ መርከበኛ መርከቡ ውስጥ እንደሚሆነው እኔም አካሌ ውስጥ ዝም ብዬ ያለሁ አለመሆኔን ነው፣ ከእሱ ጋር ተጣብቄ እንደ አንድ ነገር ነኝ ብሏል። መርከበኛ መርከቡ ሲሰበር በዓይኑ አይቶ ነው የሚያውቀው፤ እኛ ግን ስንቆስል ያመናል። እንግዲህ የሁለትነት፣ ማለትም አእምሮና አካል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚለው ሐሳብ፣ አባት የሚባለው ሰው ራሱ «አካል ሃርድዌር ብቻ ነው» የሚለውን መፈክር አይፈርምም ነበር።

በራሳችሁ እጅ ሞክሩት

ይህን ሙከራ እንዳትዘልሉት። ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት ነው። እቤት ሊሠራ ይችላል።

አንድ የጎማ ጓንት ውስጥ ጥጥ ወይም ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ እጅ አስመስሉት። ጠረጴዛ ላይ ግራ እጃችሁን ዘርጉና ከአጠገቡ ካርቶን አቁሙ፣ ራሳችሁ እንዳታዩት። የጓንቱን እጅ ከካርቶኑ ወዲህ፣ ፊት ለፊታችሁ፣ ጣቶቹን እንደ እውነተኛው እጅ አዙራችሁ አስቀምጡ። ከትከሻችሁ እስከ ጓንቱ ያለውን ክፍተት በፎጣ ሸፍኑት፤ ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ለውጥ ታመጣለች። አሁን ጓደኛችሁ ሁለት ተመሳሳይ የቀለም ብሩሽ ይያዝ። በአንዱ የተደበቀውን እጃችሁን፣ በሌላው ጓንቱን፣ እኩል በእኩል፣ አንድ ዓይነት ጣት ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ይዳስስ። እናንተ ጓንቱን ብቻ እዩ። አትቸኩሉ፣ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ብዙ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብሩሹ የሚሰማው ጓንቱ ላይ ይሆናል። ጎማው «የእኔ» ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሌላው እጅ ከጠረጴዛው ሥር ግራ እጃችሁ ያለበትን ቦታ ጠቁሙ ብትባሉ ወደ ጓንቱ ጠጋ ብላችሁ ትጠቁማላችሁ። ቀጥሎ ጓደኛችሁ ሁለቱን ብሩሾች እያዛነፈ፣ አንዱን ቀደም ሌላውን ዘግየት እያደረገ ይዳስስ። ስሜቱ ይከስማል። ሁሉም ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ካልሠራላችሁ ሌላ ሰው ላይ ሞክሩት።

ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ? እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊሉ ይችላሉ። አንደኛው፦ «አያችሁ፣ አካል የእኔ ነው የሚለው ስሜት አንጎል የሚሠራው ነገር ብቻ ነው፤ ጎማም ይበቃዋል፣ ስለዚህ ሥጋው አያስፈልግም።» ሌላኛው፦ «ስሜቱ የመጣው ዓይንና ቆዳ እኩል ስለተናገሩ ነው፤ ቆዳ ባይኖር ጓንቱ መቼም የእናንተ አይሆንም ነበር።» እኔ የምቆመው ከሁለተኛው ጋር ነው። ብሩሾቹ ሲዛነፉ ስሜቱ መጥፋቱን አስተውሉ። «እኔ» የሚለው ስሜት ከአካል በሚመጣ ወሬ ላይ በየሰከንዱ እየተሠራ ነው፤ አንዴ ተሠርቶ የተቀመጠ ፋይል አይመስልም።

የተጎዳ አንጎልና የትዝታ ጉዳይ

በ1848 ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሥራ ኃላፊ ቬርሞንት ውስጥ ፍንዳታ ደርሶበት፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ሐኪሙ ጠባዩ ክፉኛ እንደተለወጠና ወዳጆቹ «ከእንግዲህ ጌጅ አይደለም» እንዳሉ ጻፈ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እናንተ ግን አታቁሙት። ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ነጂ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። ያን ያህል ከፈራረሰ ሰው የማይጠበቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ፦ አንጎል ሲነካ ሰው ይለወጣል፣ ሰውም ከተለወጠበት ሊመለስ ይችላል።

የሁለትነት ደጋፊ መልስ አለው። ሬዲዮ ሲበላሽ ድምፁ ይቆራረጣል እንጂ ጋዜጠኛው አልሞተም፤ አንጎልም መቀበያ ብቻ ሊሆን ይችላል ይላል። ይህን መልስ አትናቁት። ግን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የሬዲዮ ብልሽት የጋዜጠኛውን አቋም ይለውጣል? የሚወደውን ያስጠላዋል? የአንጎል ጉዳት ግን ይህን ያደርጋል። የሚነካው የሰውየውን ትዕግሥት፣ ፍቅሩንና ፍርዱን ነው እንጂ አነጋገሩን ብቻ አይደለም።

ትዝታስ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 የአንድ ሰው ማንነት እስከ ትዝታው ድረስ ይዘልቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የልዑል አእምሮ ወደ ጫማ ሠሪ አካል ቢገባ ያ ሰው ልዑሉ ነው አለ። የዛሬው የ«አፕሎድ»፣ አእምሮን ኮምፒውተር ላይ የመጫን፣ ሕልም በሙሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው፤ ትዝታው ካለ ሰውየው አለ። ፈላስፋው ቶማስ ሪድ በ1785 በአንድ ምሳሌ አናጋው። በልጅነቱ ፍሬ ሰርቆ የተገረፈ ሰው ነበረ፤ መኮንን ሆኖ የጠላት ባንዲራ ማረከ፤ አርጅቶ ጄኔራል ሆነ። መኮንኑ ግርፊያውን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ባንዲራውን ያስታውሳል፣ ግርፊያውን ግን ረስቶታል። በሎክ ሕግ ጄኔራሉ መኮንኑ ነው፣ መኮንኑም ልጁ ነው፣ ጄኔራሉ ግን ልጁ አይደለም። ይህ ሊሆን አይችልም።

ከምሳሌ ወጥተን ወደ እውነተኛ ሰው ስንመጣ ሄንሪ ሞላይሰን አለ። በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማከም ከአንጎሉ የተወሰነ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ በመስታወት እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል ሰጠችው። ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። በየቀኑ ግን ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደማያውቅ ነበር የሚመስለው። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያስታውስም! ያ የተማረው እጅ የሄንሪ አይደለም ልንል ነው? እስኪሞት፣ እስከ 2008፣ የሚያውቁት ሁሉ ጨዋና ቀልደኛ ሰው እንደነበር ነው የሚናገሩት። ማንነት ማለት መዝገብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰው ማየት አንችልም ነበር።

አሁን ወደ ማሽኖቹ

በሚተከሉት ልጀምር። ጆሮ ውስጥ የሚተከለው የመስሚያ መሣሪያ በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። ለፓርኪንሰን ሕመም አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ የሚገባላቸው አሉ። በጥር 2024 ደግሞ ኒውራሊንክ የሚባል ኩባንያ የመጀመሪያውን ቺፕ ሰው ላይ ተከለ፤ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በሐሳቡ የኮምፒውተር ጠቋሚ እያንቀሳቀሰ ቼዝ ተጫወተ። እኔ በዚህ እደሰታለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በሳምንታት ውስጥ ከቀጫጭኖቹ ሽቦዎች የተወሰኑት ከአንጎሉ ወጡ፤ ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ነው ሥራውን የመለሰው። አንጎል እርጥብ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ይላወሳል። ሶኬት የሚሰካበት ሳጥን አይደለም።

ለእናንተ ወይም ለቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢቀርብ ሐኪሙን ስለ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ጠባይ ላይ የታየ ለውጥ አለ ወይ በሉ፤ ለፓርኪንሰን አንጎልን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት አንዳንድ ታካሚዎችን የችኩልነትና የስሜት ለውጥ እንዳመጣባቸው ይታወቃል፤ ለውጡን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የቅርብ ሰው ነው። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት አብሯችሁ የሚኖር ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደሆናችሁ ይጻፍ፤ ምን ያናድዳችኋል፣ ገንዘብ እንዴት ታወጣላችሁ፣ እንቅልፋችሁ እንዴት ነው። በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሌላው ጥያቄ፣ ኩባንያው ቢዘጋስ? ሬቲና ላይ የሚተከል የማያ መሣሪያ ይሠራ የነበረ አንድ ኩባንያ በ2019 ምርቱን ሲያቆም፣ መሣሪያው ዓይናቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ያለ ጥገና ቀርተዋል።

ስልክን በተመለከተ ባጭሩ። አንዲ ክላርክና ዴቪድ ቻልመርስ የሚባሉ ፈላስፎች በ1998 የማስታወስ ችግር ያለበትን ኦቶ የሚባል ሰው አስበው፣ ሁሉን የሚጽፍበት ማስታወሻ ደብተሩ የአእምሮው ክፍል ነው ብለው ተከራከሩ። ሁሌ አብሮት ካለ፣ በቀላሉ ካገኘው፣ የተጻፈውን ካመነ፣ ራሱም አምኖበት የጻፈው ከሆነ። ስልካችሁን በእነዚህ አራቱ መዝኑት። ሦስቱን በቀላሉ ያልፋል። አራተኛው ላይ ይወድቃል ብዬ ነው የማስበው፤ ምክንያቱም የኦቶ ደብተር በራሱ ገጽ አይቀያይርም፣ ስልክ ግን የትኛውን ፎቶ «ትዝታ» ብሎ እንደሚያሳያችሁ ራሱ ይመርጣል። ለአንድ ሳምንት፣ ስልኩ ካወጣላችሁ ትዝታ ሌላ እናንተ ያስታወሳችሁትን አንድ ነገር በየቀኑ በእጃችሁ ጻፉ። ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ወደ አፕሎዱ። መጀመሪያ መጠኑን እወቁ። 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ ያሉት አንድ ትንሽ ትል አለ። የሴሎቹ ግንኙነት ካርታ በ1986 ታተመ። እስከ ዛሬ ግን ከዚያ ካርታ ብቻ ተነስቶ ትሉን ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ያኖረ የለም። በ2024 የአንድ ጎልማሳ የፍሬ ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ ወጣ፤ ወደ 140,000 የነርቭ ሴሎች። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ አለው። ካርታው ቢገኝ እንኳ እያንዳንዱ ግንኙነት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሆርሞን በደም እየመጣ እንደሚለውጠው ሽቦውን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ግን እንበልና ተቻለ። አሁንም የሁለተኛውን ጥያቄ ፈተና አያልፍም። ፋይል ሲገለበጥ ዋናው እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚነሳው ነገር «እኔ እሱ ነኝ» ይላል፤ ከልቡም ያምናል። እናንተ ግን ወንበሩ ላይ ናችሁ። ኩባንያው «ከዚያ አካሉን እናስወግዳለን» ካለ፣ ያ የቅጂ ማምረት ሥራና አንድ ሞት ነው።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቢሆንስ? ዛሬ አንድ የነርቭ ሴል በሰው ሠራሽ ይተካ፣ ነገም አንድ፤ የትኛዋ ሴል ላይ ነው እኔ የማበቃው? የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ጀግናው ቴሴዎስ መርከብ የጻፈው ጥያቄ ነው፤ ሳንቃው ሁሉ ከተተካ መርከቡ ያው ነው ወይ? ይህን ማንም በቀላሉ አይመልሰውም፣ እኔም አልመልሰውም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ቀስ በቀስ መተካት ላይ አንድ ያላቋረጠ፣ የሚተነፍስ፣ የሚኖር አካል አለ። ይህ መከራከሪያ ሲያሸንፍ እንኳ የሚያሸንፈው በቀጣይነት ነው፤ ለመገልበጥ የሚሰጠው ድጋፍ የለም። ሻጮቹ ግን የቴሴዎስን መርከብ ነግረውን ፎቶ ኮፒ ነው የሚሸጡልን።

አማኝ ከሆናችሁ ደግሞ እዚህ ጋር አትምታቱ። ስለ ነፍስ የተማራችሁት ነገር የአፕሎድ ደጋፊ አያደርጋችሁም። ነፍስ ዳታ ናት ብሎ ያስተማራችሁ የለም፤ እንዲያውም በነፍስ የሚያምን ሰው ፋይሉን ለመጠራጠር ከሁሉም የበለጠ ምክንያት አለው። አእምሮ የአንጎል ሥራ ነው የሚለውም ሰው አንጎሉ ሲቀር ሥራው የት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ አለበት። አፕሎዱን የሚደግፈው ሦስተኛው ወገን ብቻ ነው፤ አእምሮ አንድ ዓይነት አሠራር ነው፣ የትኛውም ቁስ ሊሸከመው ይችላል የሚለው። አቋሙ የተከበረ ነው፣ እሱም ግን ከቅጂው ጥያቄ አያመልጥም።

ሁለትነት ሞቷል እያልኩ አይደለም። ቻልመርስ በ1995 ያነሳው ጥያቄ አሁንም ቆሟል፤ የነርቭ ሴሎች እንዴት መረጃ እንደሚያቀባብሉ ሁሉን ብናውቅ እንኳ፣ ለምንድን ነው ከውስጥ የሚሰማ ነገር ያለው? ሕመም ለምን ያማል? ይህን ጥያቄ የሚያጣጥል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የፈታሁት እኔ ነኝ የሚለውንም።

ከሞተ ሰው «ቦት» ጋር

ይህን መጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። የሟችን መልእክትና ድምፅ ወስዶ እሱን መስሎ የሚያወራ ፕሮግራም መሥራት አሁን ይቻላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባም በ1966 ኤላይዛ የሚባል በጣም ቀላል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ የተጻፈለትን ነገር ገልብጦ መልሶ የሚጠይቅ። እንዴት እንደተሠራ ታውቅ የነበረች የራሱ ጸሐፊ እንኳ ጥቂት ካወራች በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ያኔ ማሽኑ ምንም አያውቅም ነበር። የዛሬው የእናታችሁን አነጋገር ያውቃል።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን ሲጠቀም ካያችሁ አትፍረዱበት። «እሱ እኮ ማሽን ነው» ማለትም አይጠቅምም፤ ያውቀዋል። ይልቅ ስለ ሟቹ ጠይቁት፤ በተለይ ቦቱ ሊያውቀው የማይችለውን። እንዴት ይራመድ ነበር? ሲናደድ እጁን ምን ያደርግ ነበር? እቅፉስ? እነዚህ የትም አልተጻፉም፤ ከእሱ ጋር በኖሩት ሰዎች አካል ውስጥ ናቸው። ራሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጀማሪው እናንተ ሁኑ፤ ፕሮግራሙ «ናፍቀኸኛል» የሚል ማሳወቂያ የሚልክ ከሆነ ማሳወቂያውን አጥፉት። የሞተ ሰው አይደውልም፤ የሚደውለው ደንበኛ የሚፈልግ ድርጅት ነው። በቦቱ ምክር ገንዘብም ሆነ የቤተሰብ ጉዳይ እንዳትወስኑ፤ «አባባ እንዲህ ብሏል» የሚባልበት ነገር አይደለም።

የራሳችሁን ነገር ግን ዛሬውኑ አስተካክሉ። ጉግል ላይ ከ2013 ጀምሮ፣ መለያችሁ ለተወሰኑ ወራት ሳይነካ ሲቀር ዳታው ለማን እንደሚሰጥ ወይም እንዲጠፋ የምትወስኑበት ቦታ አለ። ፌስቡክ ከ2015 ጀምሮ ከሞታችሁ በኋላ ገጻችሁን የሚይዝ ሰው ያስመርጣችኋል፣ ወይም እንዲሰረዝ ማዘዝ ትችላላችሁ። አፕልም በ2021 ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። እነዚህን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሌላ አንድ ወረቀት ጻፉ። ድምፄ፣ ፎቶዬና መልእክቶቼ እኔን የሚመስል ፕሮግራም ለመሥራት ይዋሉ ወይም አይዋሉ። የሚዋሉ ከሆነ ማን ያውራው፣ እስከ መቼ፣ ማንስ ያጥፋው። ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት፣ ለምታምኑት ሰው በእጁ ስጡት፤ ሐሳባችሁ ሲለወጥ የድሮውን ተቀብላችሁ ቅደዱትና አዲሱን ስጡ።